መንዝ ሚኒስትሩን ቢጠይቅ ምን ያገኛል? ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ሰሞን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የመንዝ ተወላጅ መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ስማቸውን ግን አላሰፈሩም። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሚኒስትሮች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ስለ መንግሥት ወጪና ስለ አገልግሎት ለሚነሣባቸው ጥያቄ መልስ መስጠታቸው ለሰሜን ሸዋ ገበሬ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ሥራ ያስፈታል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ለቴሌቪዥን ከመዋል አያልፍም። ለዚህም ስድስት ምክንያት ደርድረዋል።

ቁጣቸው ይገባኛል። በዚሁ ዞን በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ያስቆጣቸውን ነገር በየዓመቱ በወረቀት ላይ ሳየው ኖሬአለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን መጠየቅ ለማይወድ ሹም የሚሰጥ ስጦታ ነው። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን በራሳቸው ቅደም ተከተል ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የሚኒስትር ሥራ ቢሮው ውስጥ ነው፣ ምክር ቤት መመላለስ ሥራውን ያስተጓጉላል የሚል ነው። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አላለም። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ እንዲጠራና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 76 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆኑን ደንግጓል። መልስ መስጠት የሹመቱ ግማሽ ነው ማለት ነው። ጊዜውም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በ2014 የወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ያቋቋማቸው ሚኒስቴሮች ደግሞ 22 ናቸው። እያንዳንዱ ሚኒስትር በዓመት ስንት ጊዜ ተራ እንደሚደርሰው አስበው፣ አውደ ጥናት በመክፈትና ሪባን በመቁረጥ ከሚያሳልፈው ቀን ጋር ቢያስተያዩት ጸሐፊው ራሳቸው የሚስቁ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ከበድ ይላል። የምክር ቤት አባላት ሲጠይቁ ሁሉም ስለ ምርጫ ክልላቸው ብቻ ይለምናሉ፤ አንዱ መንገድ፣ አንዱ ውኃ፣ ሌላው መብራት ይላል፤ አባል ግን በአንቀጽ 54 መሠረት የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላሉ። ድንጋጌውን በትክክል ጠቅሰዋል። ልመናውም እውነት ነው። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የተመረጠ ሰው የአካባቢውን መንገድ ካላነሣ ማን ያነሣዋል? ችግሩ ስለ አካባቢው መጠየቁ አይደለም፤ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ጥያቄ ለማምለጥ የተመቸ መሆኑ ነው።

«የእኛ መንገድ መቼ ይጠናቀቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ትኩረት ተሰጥቶታል፤ በልዩ ሁኔታ ክትትል እየተደረገበት ነው፤ አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢያጋጥሙም በቀጣይ ይፈታሉ። ሚኒስትሩ አልዋሹም፤ ምንም አልተናገሩምና። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሌላ መልክ ማቅረብ ይቻላል። በጸደቀው የበጀት አዋጅ ለዚህ ፕሮጀክት በዚህ ዓመት የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው? እስካለፈው ወር መጨረሻ ለተቋራጩ የተከፈለው ስንት ነው? ከዚህ ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ የነበረው ምን ያህል ነው፣ ምን ያህሉስ ከክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ ተቀንሶ ተመለሰ? የፊዚካል አፈጻጸሙ (መሬት ላይ የተሠራው ሥራ) ከፋይናንሻል አፈጻጸሙ (ከተከፈለው ገንዘብ) ወደ ኋላ ከቀረ በምን ምክንያት? የጊዜ ማራዘሚያ ስንት ጊዜ ተሰጠ፣ ማንስ ፈቀደው?

ወሰን ማስከበርን፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን ቦታ ነፃ ማድረግን፣ ብቻ ብንወስድ እንኳ ብዙ አለ። መንገድ ሲቆም ሁልጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ካሣ ያልተከፈለው ቤትና ማሳ ነው። በ2016 የተሻሻለው የካሣ አዋጅ የፌዴራል ፕሮጀክት በሚያልፍበት ቦታ ካሣ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎች አዞረው። ታዲያ የእኛ አባል ሚኒስትሩን መጠየቅ ያለበት «መንገዱ ለምን ቆመ?» ብሎ አይደለም። የካሣው ሸክም ወደ ክልሉ ሲዞር ክልሉ የሚከፍልበት ገንዘብ አብሮ ዞሯል ወይ፣ ከዞረ በየትኛው ርዕስ፣ ካልዞረስ ይህ ፕሮጀክት በማን ኪስ ይጠብቃል ብሎ ነው። ይህ የአንድ ወረዳ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን የአገሪቱን ተቋራጭና ገበሬ ሁሉ ይመለከታል። የመላው ሕዝብ ተወካይነት እንዲህ ባለው ጥያቄ ይታያል እንጂ ስለ አገር እድገት በጥቅሉ በመናገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሚኒስቴሮቹ በየሩብ ዓመቱ የጽሑፍ ሪፖርት ስለሚልኩ ተጨማሪ የቃል ጥያቄ ድግግሞሽ ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ሪፖርት ተቀባይ እንጂ ሪፖርት አዘጋጅ ሆነው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሪፖርት የሚጻፈው በመቶኛ ነው። «የዕቅዱን 90 በመቶ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዕቅዱ የትኛው ነው የሚለው ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የተያዘው ነው ወይስ በግማሽ ዓመት ተከልሶ ዝቅ የተደረገው? ዕቅድ ሲያንስ አፈጻጸም ይጨምራል፤ ይህን ለማድረግ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ነገር ከወረቀቱ አይታይም፤ ሰውየውን አስቀምጦ ሲጠየቅ ነው የሚወጣው። የመንዝ ዕድር እንኳ ገንዘብ ያዡ «በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል» ብሎ ቢቀመጥ አይለቀውም፤ ዳኛው አስነሥቶ ለማን ቤት ድንኳን፣ ለማን ቤት እንጀራ እንደወጣ በየስሙ ያስቆጥረዋል፤ ሒሳቡን ያልጠላው ገንዘብ ያዥም በዚህ አይቀየምም።

በአራተኛው ነጥብ ጸሐፊው ዋናውን ኦዲተር ጠቅሰዋል። ለገንዘብ ቁጥጥር በአንቀጽ 101 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት እያለ፣ ሙያው የሌላቸው የምክር ቤት አባላት ለምን ይደክማሉ ይላሉ። ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው የጊዜ ነው። ኦዲተር የሚመረምረው የተዘጋ ዓመትን ነው። ሰኔ 30 የተዘጋ ሒሳብ ተመርምሮ ሪፖርቱ ለምክር ቤቱ የሚደርሰው በተለምዶ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ማብቂያ ገደማ ነው። በመካከሉ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ኃላፊው ተዛውሯል፣ ሰነዱም ሌላ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። የምክር ቤት ጥያቄ ግን በጥር ወይም በየካቲት፣ ገንዘቡ ገና በእጅ እያለ፣ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊው የረሱት ነገር ነው፤ ኦዲተሩ ይመረምራል እንጂ አይቀጣም፣ አያስመልስም። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ውዝፍ ተሰብሳቢ፣ የግዥ ሥርዓትን ያልተከተለ ግዥ፣ ከበጀት በላይ የወጣ ወጪ፤ እነዚህ ቃላት በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ይመለሳሉ። የሚመለሱበት ምክንያት ኦዲተሩ አልሠራም ተብሎ ሳይሆን ግኝቱን ይዞ ባለሥልጣኑን የሚያፋጥጠው ወገን ስላልበረታ ነው። ይህን እንዲያደርግ የተቋቋመው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው፤ የተቋማት ኃላፊዎችን ከኦዲተሮቹ ፊት አስቀምጦ በክዋኔ ኦዲት (ሥራው በቁጠባና በውጤታማነት መሠራቱን በሚያየው ምርመራ) ግኝቶች ላይ ሲጠይቅ አይተናል። ያ ራሱ ጸሐፊው ይቅር ያሉት ጥያቄ ነው። ኦዲተሩን አምኖ ጠያቂውን መናቅ አይቻልም።

አሁን አምስተኛው ላይ ደረስን። የጽሑፋቸው እምብርትም ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የመንዝ ገበሬ አገልግሎት የሚያገኘው ከወረዳው ነው፤ ጤና ኬላው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ የግብርና ባለሙያው የወረዳ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትር ቢጠየቅ ባይጠየቅ ለእርሱ ለውጥ የለውም ይላሉ።

የወረዳ በጀት ምን እንደሚመስል ልንገራቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘብ በጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ ወረዳውም በምክር ቤቱ ያከፋፍላል፤ በወረቀት ላይ ራሱን የቻለ ነው። ነገር ግን ከመደበኛው በጀት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰረው በሒሳብ መደብ ቁጥሩ 6111 የምንለው ነው፤ የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ። ደመወዙ ከታሰረ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ገንዘብ 6217 ለነዳጅ፣ 6231 ለውሎ አበል፣ ሌሎቹም የሥራ ማስኬጃ መደቦች ይሻሟታል። የእንስሳት ሐኪሙ ለክትባት ቆላ መውረድ ካለበት የሚወርደው በዚህች ገንዘብ ነው። ካፒታል በጀት የሚባለውማ በብዙ ወረዳ ስሙ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ታች ነው ወይ? አይደለም። የፌዴራል ድጎማ መጠን በአዋጅ የሚጸድቀው በተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ክልሉ ወደ ወረዳ የሚያወርደው። ወረዳው የሚቆርሰው የመጣለትን ዳቦ ነው።

በሐምሌ 2016 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁሉም ያስታውሳል። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸድቆ ነበር፤ በኅዳር ወር ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። የ2018 በጀት ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ። አኃዙ ያስደነግጣል። አንድ የመንዝ ላሎ ወይም የግሼ ወረዳ ባለሙያ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የሄደው ምን ያህል ነው፣ የነዳጁ ዋጋ በጨመረበት መጠን የእኔ 6217 ጨምሯል ወይ? ይህን ጥያቄ ለወረዳው አስተዳዳሪ ቢያቀርብ አስተዳዳሪው ትከሻውን ይሰብቃል፤ ቢሰብቅም አይፈረድበትም። ሊመልስ የሚችለው የገንዘብ ሚኒስትሩ ነው።

ከዚህ የባሰው የሕዝብ ቁጥር ጉዳይ ነው። በማንኛውም የድጎማ ቀመር ውስጥ የሕዝብ ብዛት ትልቅ ድርሻ አለው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል፤ የመጨረሻው የተደረገው ግን በ1999 ነው። ተከታዩን ቆጠራ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ጉባኤ አስተላለፉት፤ እስካሁንም እንደተላለፈ ነው። በ1999 ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65,231 ነዋሪ ነበራት። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና መከፈቱ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አልተወለደም፤ በከተማዋ ዙሪያ የበቀሉት ፋብሪካዎች ቦታ እርሻ ነበር። ከወለጋና ከሌላም አካባቢ ተፈናቅለው የመጡት ወገኖቻችን፣ ዛሬ በመጠለያ ከዓመት ዓመት የሚቆዩት፣ ያኔ በየቀያቸው ነበሩ። ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የሚሠራ ትንበያ ስንት ቢያሻሽሉት የተፈናቃዩን ልጅ የትምህርት ቤት ወንበር አያስብም። ውኃው፣ ጤና ጣቢያው፣ የክፍል ጥበቱ ግን በሚኖረው ሰው ልክ ነው የሚጨናነቀው። ይህን ለመጠየቅ ወደ ወረዳ መሄድ ትርጉም የለውም። ለመሆኑ የሰሜን ሸዋ አባላት የፕላንና ልማት ሚኒስትሩ በቀረቡ ቁጥር ቆጠራው መቼ ነው፣ እስከዚያስ የተፈናቃይ ጫና በድጎማው ላይ እንዴት ይታሰባል ብለው በየተራ ቢጠይቁ ምን ይጎድላቸዋል?

ወደ ገበሬው ልመለስ፤ ጸሐፊው ያነሡት እርሱን ነውና። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ዋልካ መሬቱን አርሶ የሚጠብቀው ማዳበሪያ በወረዳው አይገዛም። የሚገዛው በፌዴራል ደረጃ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በጂቡቲ በኩል ገብቶ በዩኒየንና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይደርሰዋል። በ2015 ክረምት እጥረት ሲፈጠር በክልላችን ገበሬው አደባባይ የወጣው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ጨረታው መቼ ወጣ፣ መርከቡ መቼ ደረሰ፣ ለአማራ ክልል የተመደበው ስንት ነበር፣ በሰኔ መግቢያ መጋዘን የገባው ስንት ነው፤ የእነዚህ መልስ የሚገኘው ከግብርና ሚኒስትሩ ነው፤ ለዚያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ሲጠየቁ ነው፤ በሐምሌ የሚጠየቅ የማዳበሪያ ጥያቄ ለቅሶ ነው። የሴፍቲኔት ክፍያ፣ ለጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ የከፈለ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚያጣው መድኃኒት፣ የአዲስ አበባ ደሴ ዋና መንገድ፣ መብራት፤ ሁሉም የፌዴራል እጅ ያለበት ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ መድኃኒት ጠይቆ ሲያጣ ለታካሚው «ከውጭ ግዛ» ይላል፤ ታካሚውም ጤና ጣቢያውን ይረግማል። እርግማኑ ወደ ትክክለኛው በር እንዲሄድ የሚያደርገው የምክር ቤት ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው ዝም ብለው አልፈውታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ሥራ እንደ ወትሮው አልተሠራም። በጀቱ ግን ጸድቋል። ባልተሠራበት ቦታ የተያዘው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ፣ ወደ ሌላ መደብ ተዘዋወረ፣ ወይስ እንደተሠራ ተቆጠረ? በፌዴራል ፕሮጀክቶች ላይ ይህን ማንም ባለሙያ በግሉ ደብዳቤ ጽፎ መልስ አያገኝም። የምክር ቤት አባል ግን ተነሥቶ ቢጠይቅ ሚኒስትሩ መመለስ አለበት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ጥያቄና መልሱ ትያትር ነው፤ መቀመጫው በአብዛኛው የአንድ ፓርቲ ስለሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ወገን ናቸው፤ ይልቅ በዝግ በኮሚቴ ይታይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ አልከራከርም፤ ከ2013 ምርጫ በኋላ ያለው የመቀመጫ ድርሻ የታወቀ ነው። ጥያቄዎች ለስለስ ማለታቸውም፣ አንዳንዱ ጥያቄ ከምስጋና የማይለይ መሆኑም ይታያል። ግን መድኃኒቱ መዝጋት ነው ወይ? በአደባባይ እንዲህ የለሰለሰ ጥያቄ በር ሲዘጋ የሚጠነክርበት ምን ምክንያት አለ? ያኔ ለስላሳነቱን እንኳ የሚያይ አይኖርም።

ትያትር የሚያደርገው ካሜራው ሳይሆን አጠያየቁ ነው። አባላት በተከታታይ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠራቀማል፤ ከዚያ መላሹ የፈለገውን አስቀድሞ፣ የፈለገውን አጣምሮ፣ ያልፈለገውን «ሌሎችም ተመሳሳይ ጥያቄዎች» በሚል ጠቅልሎ ያልፋል። ጠያቂው መልሱ እንዳልተመለሰለት ሲያውቅ እንኳ ድጋሚ ዕድል ማግኘቱ ብርቅ ነው። ይህን ማስተካከል ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ የምክር ቤቱ የራሱ የአሠራር ደንብ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ ጠያቂው በዚያው ጉዳይ ላይ አንድ ተከታይ ጥያቄ። ቁጥር የሚፈልግ ጥያቄ ቀድሞ በጽሑፍ ይሂድ፤ ሚኒስትሩም ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፤ ካልያዘ በተወሰነ ቀን በጽሑፍ እንዲልክ ቃሉ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ይሁን።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ፣ እንደ ዋዛ፣ ገበሬው የሚኒስትሩን መልስ የት አግኝቶ ያነበዋል ብለው ጠይቀዋል። ይህ ከስድስቱ ነጥቦች ሁሉ የተሻለ ጥያቄያቸው ነው፤ ተራ ሰጥተው ቢያስፋፉት ደስ ይለኝ ነበር። የወረዳ በጀት በቀላል ቋንቋ ተጽፎ በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚለጠፍበት አሠራር ለዓመታት ቆይቷል፤ እኔም ለጥፌ አውቃለሁ፤ ከጥበቃው ሌላ የሚያነበው ሰው ባይበዛም። በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከወረዳው በጀት ጎን፣ የምርጫ ክልሉ አባል በዚያ ሩብ ዓመት ያቀረበው ጥያቄ፣ ሚኒስትሩ የሰጠው መልስና የገባው ቀነ ቀጠሮ በአንድ ገጽ ይለጠፍ። ወጪው አንድ ወረቀትና ትንሽ ሙጫ ነው፤ ለቢሮ ዕቃ በሚያዘው መደብ 6212 ላይ ይያዝ ቢሉኝ እንኳ የሚከለክል መመሪያ አላውቅም።